በየሳምንቱ አንዲት ካሬ

ጥር 3 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለጠያቂዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ከዚያ አገር ብርድ ጋር ታረቃችሁ ወይስ ገና ትኮራረፋላችሁ? እኛ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ የጀመርሽውን ያስጨርስሽ። የመጋዘኑ ስልክ ምሰሶው ከወደቀ ወዲህ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ቢሠራም እኔ በስልክ የማውቀው "ሃሎ! ደህና ነን!" ብሎ ጮኾ መዝጋት ብቻ ስለሆነ በደብዳቤ ብንጫወት ይሻላል።

የዛሬው ደብዳቤ ለጉራ ነው፣ ታገሽኝ። እንደምታውቂው መጋዘኑ ውስጥ ለመጪው ዝናብ የሚዘራ የአራት መቶ ቤተሰብ የስንዴ ዘር ተከምሯል። ሰዉ ሌላ ዘር የለውም። እኔም በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ጆንያ አላበላሸሁም። የማኅበሩ ሊቀመንበር እንኳን "አንተ ምን ትላለህ?" ብሎ ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር አይወስንም። ትዝ ይልሽ ይሆናል፣ ሰዓት ስለማያዛንፍ ሰው ሁሉ ደወል ይለዋል። እኔ ካልኩ ለእሱ አለቀ ደቀቀ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ከአንዱ ክምር ሥር ነቀዝ አየሁ። አልደነገጥኩም። በየሰኞው ከዚያው ክምር አንድ ጣሳ ስንዴ እዘግንና ነጭ ጨርቅ ላይ አፈሳለሁ፤ መነጽሬን አድርጌ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ እለቅማለሁ። መጀመሪያ ሁለት ነበሩ። ከዚያ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ አምስት፣ ዛሬ ሠላሳ ሦስት። ተማሪ ሳለሽ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተሽ ትስይው የነበረው ግራፍ ትዝ አለኝና ካሬ ባለው ወረቀት ላይ ሳልኩት። መጀመሪያ አንዷን ካሬ ለአንድ ነቀዝ ሰጥቼ ነበር፤ ዛሬ ግን ወረቀቱ አለቀብኝ። ወረቀት ደግሞ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። በግራ በኩል የታችኛዋን ካሬ ሁለት፣ ከበላይዋ ያለችውን አራት፣ ከዚያ ስምንት፣ አሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት እያልኩ ጻፍኩባቸው። እዪውማ፣ አብሬ ልኬልሻለሁ! ነጥቦቹን ሳገናኛቸው በማስመሪያ የተሰመረ መሰለ። በየሳምንቱ ከፍ የሚለው አንዲት ካሬ ብቻ ነው። ወረቀቱ ሃያ ካሬ አለው፣ ዝናቡ የሚመጣው አሥራ ስምንተኛዋ ላይ ስንደርስ ነው። ሁለት ካሬ ይተርፈናል ማለት ነው።

ደወል "መድኃኒት እናስደርግ እንዴ?" ብሎኝ ነበር። ግራፉን አሳየሁትና "ተረጋጋ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው" አልኩት። እሱም ተረጋጋ።

እንግዲህ ካሬ ያለው ወረቀት ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አጎትሽ፣ መጋዘን ጠባቂው


ጥር 19 ቀን

ለውድ አጎቴ፤

ባሉበት ጤናና ሰላም ይብዛልዎ። ጉልበትዎን ፈጣሪ ያበርታልዎ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱና እኔ እስካሁን አልታረቅንም።

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ግራፉን ስዘረጋው እንዴት የሚያምር መስመር ነው ብዬ ፈገግ አልኩ። ከዚያ በግራ በኩል የጻፏቸውን ቁጥሮች አየሁና ኮቴን ሳላወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ መስመር የሚያረጋጋ አይደለም። እያንዳንዷ ካሬ ከታችኛዋ በእጥፍ ትበልጣለች። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ መስመር ነቀዙ በየሳምንቱ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ነቀዙ ባደገ ቁጥር እርስዎ መለኪያውን አብረው አሳደጉት፣ ስለዚህ ዕድገቱ ለዓይንዎ ጠፋ።

የምሠራው መንገድ በሚነድፍ ቢሮ ውስጥ አይደል? ትልቅ ጥቅል ወረቀት አለን። በምሳ ሰዓት ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩትና ለአንድ ነቀዝ አንድ ሚሊሜትር እየሰጠሁ የእርስዎን ቁጥር እንደገና ሳልኩት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ነጥቦች ለማየት ወለሉ ላይ መንበርከክ ነበረብኝ፣ ከመሬት አይነሱም። አምስተኛው የጣቴን ግማሽ ያህል ቆመ። ስምንተኛው ከስንዝር አለፈ። አሥረኛው ከወገቤ በላይ ሆነ። አሥራ ሁለተኛውን ለማስቀመጥ ጣሪያውን መብሳት ሊኖርብኝ ነው። አለቃዬ በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየና "ይህን ዳገት ማን ሊነዳበት ነው?" አለኝ። "ነቀዝ" አልኩት። የሳቀ መሰለኝ፤ እኔ ግን ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

በሰላም እንደርስባታለን ያሏት አሥራ ስምንተኛዋ ካሬ ስንት እንደሆነች ያውቃሉ? በአንድ ጣሳ ከሁለት መቶ ስድሳ ሺህ በላይ ነቀዝ። እርግጥ እዚያ አይደርሱም። ከዚያ ቀድሞ ስንዴው ያልቅባቸዋል።

ደብዳቤዎ በመንገድ ላይ አሥራ ስድስት ቀን ቆይቷል፤ የእኔም ያን ያህል ይቆያል። ይህን ሲያነቡ አራት ሰኞ አልፏል። ሠላሳ ሦስትን አራት ጊዜ ብናጥፈው አምስት መቶ ሃያ ስምንት ይመጣል። የመጨረሻውን ሰኞ ቆጠራዎን ከዚህ ቁጥር ጋር ያስተያዩት። ከተሳሳትኩ ይሳቁብኝ፤ እንዲስቁብኝ ነው የምጸልየው። ካልተሳሳትኩ ግን አንድ ቀን እንኳን ሳያድሩ ባለሙያ ያስጠሩ።

የጠየቁኝን ወረቀት ልኬያለሁ። ሌላም አንድ የሳልኩልዎ ነገር ነበር፣ ፖስታው ስለወፈረ ለሌላ ጊዜ አቆየሁት።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 4 ቀን

ለጠያቂዬ፤

ሰላምታዬ እንደወትሮው ይድረስሽ። ዛሬ ምርቃቱን አሳጥሬዋለሁ፣ አትቀየሚኝ፤ ልቤ አልተረጋጋም።

አምስት መቶ ሃያ። ስምንት ብቻ ነው የሳትሽው።

ደብዳቤሽን መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ቁጥሩ ላይ ስደርስ መዝገቤን ገለጥኩ። ስልሳ አራት፣ መቶ ሠላሳ አንድ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስምንት፣ አምስት መቶ ሃያ። ሁሉም በእኔ እጅ ጽሕፈት! በየሰኞው ለቅሜ፣ ቆጥሬ፣ ጽፌ፣ ነጥቧን አስቀምጬ "አንዲት ካሬ ብቻ" እያልኩ ወደ ቤቴ ስሄድ ኖሬያለሁ። ባለፈው ሰኞ ለመቁጠር ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል እኮ! ያኔ እንኳን አልነቃሁም። ሥዕሉን ሳይ ቁጥሩን ማየት ተውኩ። ከባሕር ማዶ ሆነሽ፣ ስንዴውን በዓይንሽ ሳታዪ፣ የእኔ ጣሳ ውስጥ ያለውን ነገርሽኝ። ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ጆሮዬን ከጆንያው ጋር ሳስጠጋው፣ ይህ የማይረባ ጆሮዬ እንኳን ከውስጥ ሲንኮሻኮሹ ሰማ።

ከዚያ አንቺ ያደረግሽውን አደረግሁ። በቢሮው ግድግዳ ላይ ለአንድ ነቀዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሰጥቼ ዘጠኝ ምስማር መታሁና በገመድ አገናኘኋቸው። ዘጠነኛው ምስማር ከጣሪያው ሥር ተመታ። ደወልን ጠራሁት። "ምንድን ነው ይሄ፣ ልብስ ልታሰጣ ነው?" አለኝ።

"የነቀዙ ቁጥር ነው።"

"ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው አላልከኝም?"

"ተሳስቼ ነበር" አልኩት። ይህን ቃል ለእሱ ስናገር በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

"የሚቀጥለው ሰኞ ምስማር የት ነው?" አለኝ። በጣቴ ከጣሪያው በላይ አመለከትኩት። ደወል ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ። ወዲያው ባለመድኃኒት እንዲጠራ አዘዘ። በዚህ ሳምንት ይመጣል። ክምሩን በሸራ ሸፍኖ ክኒን የሚመስል መድኃኒት ያስቀምጥበታል፣ ክኒኑ መርዝ ጋዝ ያወጣል፣ በሩ ሰባት ቀን ይዘጋል።

የላክሽው ወረቀት ደርሶኛል። አሁን ደግሞ መነጽሬ አምስት መቶ ነቀዝ ሲቆጥር ደክሟል፤ ጠንከር ያለ መነጽር ካገኘሽ አስቢኝ። ዓይንሽ ይብራ፤ ዘሩን ያተረፍሽው አንቺ ነሽ።

አጎትሽ


የካቲት 17 ቀን

ለጠያቂዬ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

እልል በይ! ዛሬ ከፈትነው። ይህን የምጽፍልሽ በመጋዘኑ በረንዳ ላይ፣ የፖስታ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቀኝ ነው፤ ሰባት ሰዓት ላይ ይነሳል።

ባለመድኃኒቱ ጠዋት በሮቹን ሁሉ ከፈተ፣ ሸራውን ገለጠ፣ በበሩ ፊት ገመድ ዘረጋ። ረጅም ቱቦ ያለው የጋዝ መለኪያ ለእኔ ሰጠኝና "ከአንድ በታች ሳይወርድ ማንም እንዳይገባ" ብሎ ሌላ መጋዘን ስለሚጠብቀው ሄደ። ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያው አራት መቶ አለ። ስድስት ሰዓት ላይ ስለካው ሁለት መቶ! በሦስት ሰዓት ውስጥ ግማሹ ወጣ ማለት ነው። የቀረው ግማሽ በሚቀጥለው ሦስት ሰዓት ይወጣል። በዘጠኝ ሰዓት ንጹሕ ነው።

ደወል አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር። "ስንት ሰዓት ላይ እንገባለን?" አለኝ። "ዘጠኝ" አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። ሰዓቱን አየና ሰው ለዘጠኝ እንዲጠራ ልኮ አሁን ይኸው ጋሪውም ሰዉም ግቢውን እየሞላው ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የድርሻውን ዘር ዛሬውኑ ይወስዳል።

ዛሬ መነጽርም ወረቀትም አልጠይቅሽም። ያንቺን ወሬ ብቻ ጻፊልኝ። ሾፌሩ ጥሩንባ እየነፋብኝ ነው።

ደስተኛው አጎትሽ


መጋቢት 3 ቀን

ለውድ አጎቴ፤

በምን ሰላምታ እንደምጀምር አላውቅም። አምላኬ፣ ይህን ደብዳቤ የሚያነቡት እርስዎ ራስዎ ይሁኑ!

የየካቲት 17ቱ ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። "በዘጠኝ ሰዓት ንጹሕ ነው" የሚለውን ሳነብ ጮህኩ። ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። አጎቴ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንጹሕ አይሆንም! በመጀመሪያው ሦስት ሰዓት ግማሹ ወጣ። በሁለተኛው የሚወጣው የቀረው ግማሽ ነው፤ ሁለት መቶው መቶ ይሆናል። ከዚያ ሃምሳ፣ ከዚያ ሃያ አምስት። ነቀዙ እጥፍ እጥፍ እያለ እንደወጣ ሁሉ ጋዙ ግማሽ ግማሽ እያለ ነው የሚወርደው። ከአንድ በታች የሚደርሰው በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ግን ይህን ለማን ነው የምጽፈው? ያ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ አሥራ ስድስት ቀን ሆኖታል። እርስዎ እዚያ በረንዳ ላይ ሆነው ዘጠኝ ሰዓትን ሲጠብቁ እኔ እዚህ የሰው አገር መንገድ እየነደፍኩ ሻይ እጠጣ ነበር።

ወደ መጋዘኑ ደወልኩ፣ ስልኩ ሞቷል። ወደ ጤና ጣቢያው ደወልኩ፣ አንዲት ሴት አነሳችው። "የመጋዘን ጠባቂው እንዴት ነው?" ስላት "ያን ቀን ከመጋዘኑ አንድ ሰው በቃሬዛ አምጥተውልን ነበር" አለችና መስመሩ ተቋረጠ። አሥራ አንድ ጊዜ መልሼ ደወልኩ። አይነሳም።

አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። በጥር ለሌላ ጊዜ አቆየሁት ያልኩዎ ሥዕል ይኸው የሚወርደው መስመር ነበር። ነቀዙ መድኃኒት ሲያገኘው፣ መድኃኒቱም ሲወጣ እንዴት እንደሚቀንስ ለማሳየት ነበር የሳልኩት። ለተጨማሪ ቴምብር ወደ ታች መውረድ ሰነፍኩና መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። አሁንም እዚያው ነው። መሳቢያውን መክፈት ፈራሁ።

ማንም ይህን ደብዳቤ የሚከፍት ሰው፣ እባክዎ ቃሬዛው ላይ ማን እንደነበረ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 21 ቀን

ለጠያቂዬ፤

እኔ አለሁ። ቃሬዛው ላይ የነበረው ደወል ነው። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ቀደም ብዬ ልጽፍልሽ ብዙ ጊዜ ወረቀት አውጥቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ትናንት ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ግን ስንት ቀን በጭንቀት እንዳቆየሁሽ ገባኝ። ይቅር በይኝ። ስለ መሳቢያሽም አታልቅሺ። ሥዕሉን ብትልኪው ኖሮ በዚያ ቀን ደስታዬ አንስቼ ላየው አልችልም ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ በገመዱ አጠገብ ጎንበስ ብዬ መለኪያውን አየሁ። ዜሮ ነበር የጠበቅሁት። መቶ ይላል። በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። መቶ። ባትሪው ይሆናል ብዬ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት። መቶ። ቀና ስል ደወል በሰዉ መሃል ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

በዚያች ደቂቃ "ተሳስቻለሁ" ብዬ ብጮህ ይበቃ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ሁለተኛዬ ሊሆን ነው፣ ያውም በአራት መቶ ቤተሰብ ፊት። አፈርኩ። ባዶ እጄን ከምሄድ ወረቀት ይዤ ልሂድ፣ ግራፉ ይናገርልኝ አልኩና አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ቢሮዬ ገባሁ።

ሦስት ነጥብ አስቀመጥኩ። አራት መቶ፣ ሁለት መቶ፣ መቶ። የአሁኑን ካሬ እኩል እኩል አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ እሱንስ ተምሬያለሁ። ሳገናኛቸው ያ የግድግዳው ዳገት ተገልብጦ ቁልቁለት ሆኖ ቁጭ አለ። መጀመሪያ ዘጭ ይልና ከዚያ መሬት ሳይነካ እየተኛ ይሄዳል። ወደፊት እያጋመስኩ ሄድኩ፤ ሃምሳ፣ ሃያ አምስት፣ አሥራ ሁለት ተኩል፣ እያልኩ ሰባት ጊዜ። ነገ ስድስት ሰዓት። አንቺ የጻፍሽልኝ ሰዓት ራሱ ነው። ያለ ማንም እርዳታ በዚህ ዕድሜዬ ገባኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። እንዲያምር ብዬ መስመሩን በቀይ እስክሪብቶ ደገምኩት፣ ከሥሩ ሰዓቶቹን በተራ ጻፍኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ውጪ ሰው ሲጮህ ይህ ጆሮዬ አልሰማም።

ወረቀቱን ይዤ ስወጣ ገመዱ መሬት ላይ ነው። ደወል ዘጠኝ ሲሞላ ለሰዉ "ሰዓቱ ደርሷል፣ እስቲ መጀመሪያ አንድ ጆንያ አውጥቼ ላሳያችሁ" ብሎ ብቻውን ገብቷል። ጥሩ ጆንያ መርጦ ለማውጣት ክምሮቹ መሃል ዘልቆ ነበር። በኋላ ባለመድኃኒቱ እንደነገረኝ እዚያ መሃል ያለው ጋዝ በበሩ በኩል ከምለካው አራት እጥፍ ይበልጣል። ሁለት ሰዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ሮጠው ገብተው በእግሩ ጎትተው አወጡት። እኔ ያንን ቀይ ወረቀት ይዤ ቆሜአለሁ። አንዱ "ምንድን ነው የያዝከው?" አለኝ። አጠፍኩና ኪሴ ከተትኩት።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ መለኪያው ከአንድ በታች አለ። ዘሩ ወጣ። መቶ ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጬ ሰማንያ አንዱ በቀለ፣ ለመዝራት ይበቃል። ሰዉ መንገድ ላይ እያቆመ ያመሰግነኛል። ስለ ደወል ደግሞ "ምስኪን፣ ሰዓት ሲወድ ነው የሞተ፣ ቸኮለ" ይላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ያልኩት እኔ እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም። አግዳሚው ላይ የነበርነው ሁለት ነን።

ሚስቱ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በሄድኩ ቁጥር "እስቲ አንተ ታውቀው ነበር፣ ምን አስቸኮለው?" ትለኛለች። ሦስቱንም ጊዜ ልነግራት ተነስቼ ስለ ዘሩ አውርቼ ተመለስኩ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ወንድ ነኝ ብዬ ስኖር እንዲህ ፈሪ መሆኔን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ላኪልኝ። መነጽሩን ተዪው፣ ወረቀቱንም ተዪው። የየካቲት 17ቱን ደብዳቤዬን መልሰሽ ላኪልኝ፣ በእጄ የጻፍኩትን ዋናውን። እሷ ዘንድ ሄጄ ከላይ እስከ ታች አነብላታለሁ። የተጻፈ ነገር ማንበብ አያቅተኝም፤ አንዴ ከጀመርኩ "ዘጠኝ አልኩት" የምትለዋ ላይ መድረሴ አይቀርም።

መንገዱ አሥራ ስድስት ቀን መሆኑን አውቃለሁ። እሷ ግን በየጠዋቱ በመጋዘኑ በኩል ስታልፍ ቆም ትልና "ዘራችንን ያተረፍክልን፣ ዕድሜ ይስጥህ" ብላ ትመርቀኛለች። እኔም "አሜን" እላለሁ። ቶሎ ላኪው።

አጎትሽ